እትዬ ፍሬንና ነጩ ክኒን

እትዬ ፍሬን መኪና መንዳት ያስተምራሉ። ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ከተማሪዎቻቸው መካከል ግን እሱን የሚያውቅ አልነበረም። ቅጽል ስሙ የመጣው በእሳቸው ወንበር በኩል ከተገጠመችው ሁለተኛ ፍሬን ነው። ለማጁ መስመር ሲስት፣ ድመት መንገድ ሲያቋርጥ፣ አንዳንዴም ተማሪው ወሬ ሲያበዛ ያቺን ፍሬን ርግጥ ያደርጓታል። መኪናዋ ቀጥ፣ ለማጁ ወደፊት ድፍት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «እሺ፣ አሁን ምን እንዳጠፋሽ ራስሽ ንገሪኝ» ይላሉ።

ባለቤታቸው ሜካኒክ ናቸው። ሰፈሩ እሳቸውን ደግሞ «ኦርጅናል» ይላቸዋል፤ ጋራዣቸው ገብቶ ርካሽ ዕቃ ግጠሙልኝ ያለ ሰው ስብከት ሳይሰማ አይወጣምና። ዕቃ ኦርጅናል ነው ወይም ዕቃ አይደለም፣ በእሳቸው ቤት መሀል የሚባል ነገር የለም። ሌላው ሕጋቸው መለዋወጫን ያለው ሳያልቅ መግዛት ነው። ይህንን ሕግ እትዬ ፍሬን ለሳሙናም፣ ለአምፖልም፣ ለመድኃኒትም ተቀብለውታል።

መድኃኒት ያልነው የደም ግፊቱን ነው። ሐኪሙ የዛሬ ጥቂት ዓመት ግፊት አለብዎት ሲላቸው እትዬ ፍሬን ብዙም አልደነገጡም። «ቀኑን ሙሉ መሪ ከማያውቅ ሰው ጎን ተቀምጬ ግፊት ባይዘኝ ነበር የሚገርመው» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከፊት መታጠቢያው አጠገብ ቆመው አንዲት ትንሽ ክብ ክኒን ይውጣሉ። ቀለሟ ሮዝ ስለሆነ «ሮዟ» ብለው ጠሯት። ፓኬቷ ላይ በትልቁ የተጻፈውን፣ ፋብሪካው ያወጣላትን ስም እንኳ በቅጡ አያውቁትም። ሮዟ ሮዟ ናት፤ ተስማምታቸዋለች፣ ተስማምተዋታል።

ነገሩ የመጣው በልብስ ሰፊዋ የልምምድ ሰዓት ነው።

ልብስ ሰፊዋ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ እጇ የተባረከ፣ የሱቋ በር ከደንበኛ የማይጠራ ሴት ናት። የስፌት መኪና ላይ ስትቀመጥ የሚያህላት የለም። መሪ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ነዳጅ መስጫውን እንደ ስፌት መኪናዋ ፔዳል ቶሎ ቶሎ ትነካዋለች፤ መኪናዋም እንደ ጥንቸል እየዘለለች ትሄዳለች። ለፈተና ሁለት ጊዜ ቀርባ ሁለቱንም ጊዜ ወድቃለች። በተለይ ከገበያው በታች ያለውን ትልቁን አደባባይ ስታይ ፍሪሲዮን ረግጣ ዓይኗን ትጨፍናለች።

በዚያ ቀን እትዬ ፍሬን ከፋርማሲው ፊት ለፊት አስቆሟት። ሐኪማቸው ሰሞኑን አይቷቸው ማዘዣ ጽፎላቸው ነበር። ቤት ያለችው ሮዝ ገና ብዙ ቢቀራትም ያለው ሳያልቅ መግዛት ሕግ ነው። «ሞተሩን አጥፊው፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቢው፣ ምንም ነገር አትንኪ። መጣሁ» ብለው ወረዱ።

ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፤ ቀጭን መነጽር ታደርጋለች፣ ቃላት መርጣ ነው የምትናገረው። ማዘዣውን አንብባ ወደ መደርደሪያው ሄዳ አንድ ሰማያዊ ፓኬት ይዛ ተመለሰች።

«እትዬ፣ እርስዎ የለመዱት አሁን የለም፤ አስመጪው ጋ አልቋል። ይሄ ግን...»

ይህን ስትል ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩንባ አጓራ። ልብስ ሰፊዋ የቆመችው አውቶቡስ መውጫ ላይ ኖሯል። እትዬ ፍሬን አንድ ጆሯቸውን ለፋርማሲስቷ ትተው ሌላውን ወደ መንገዱ ላኩ።

«...ስሙ ቢለይም፣ ቀለሙም ነጭ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው መድኃኒት...»

ጥሩንባው ደገመ። ቀጥሎ ደግሞ የሞተር መነሳት ድምፅ ተሰማ፤ ያውም የራሳቸው መኪና ሞተር።

«...ስለዚህ የድሮውን ትተው ይሄን በቀን አንድ። ግልጽ ነው አይደል?»

«ግልጽ ነው ልጄ፣ ግልጽ ነው» አሉና ፓኬቱን ነጥቀው ሮጡ።

ማታ ቤት ገብተው ፓኬቱን ሲከፍቱ ነጭ፣ ሞላላ ክኒን ወጣ። ስሙ ረጅምና የማያውቁት ነው። እትዬ ፍሬን ቆም ብለው አሰቡ። ሐኪሙ በቀደም ሲያያቸው «ካልወረደ ሌላ እንጨምራለን» ብሏቸው ነበር። በእሳቸው አእምሮ ውስጥ የቀረው «እንጨምራለን» የሚለው ብቻ ነው። እንግዲህ ጨመረ ማለት ነው። ሐኪም ያለውን መፈጸም ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሮዟንና ነጩን አንድ ላይ መዋጥ ያዙ።

መጀመሪያ ጫማቸው ጠበበ። ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ማታ እብጥ ይላል። ቀጥሎ ከወንበር ሲነሱ ቤቱ አብሯቸው የሚነሳ መሰላቸው። ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። አንድ ሰሞን በአዲሱ መነጽራቸው አሳበቡ። ሌላ ጊዜ «ያንተ ወንበር ነው» ብለው ባለቤታቸው የጠገኑትን የመኪና ወንበር ኮነኑ። በመጨረሻ ግን ጥፋተኛዋን አገኙ፤ ልብስ ሰፊዋ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ አነዳድሽ ጭንቅላቴን እያዞረው ነው» አሏት አንድ ቀን።

«እኔንም ያዞረኛል እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከልቧ።

ዋናው ነገር የደረሰው በዚያው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ ነው። ወደ አደባባዩ እየተቃረቡ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ አንገቷን ሰብቃ፣ የእትዬ ፍሬንን እግር ትጠብቃለች። እዚህ ቦታ ሁልጊዜ ፍሬኗን የሚረግጡት እሳቸው ናቸው፤ መኪናዋ ቀጥ ትላለች፣ እሳቸው ቦታ ይቀይራሉ፣ አደባባዩን ራሳቸው ያልፉታል። ዛሬ ግን ምንም የለም። ዞር ብላ አየቻቸው። እትዬ ፍሬን ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ እጃቸው የበሩን መያዣ ጨብጧል።

«እትዬ?»

«ደህና ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ትንሽ... ጥቁር ጥቁር አለብኝ። ዳር ያዢ።»

ዳር የሚያዝበት ቦታ የለም። ከኋላ አውቶቡስ፣ ከግራ ሚኒባስ፣ ከቀኝ የቆሙ መኪኖች፣ ከፊት አደባባዩ። ከአደባባዩ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳገት ላይ ጤና ጣቢያ እንዳለ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች፤ የነርሶቹን የደንብ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ስትናገር አፏ ዛሬም ይያያዛል። ሳታስበው እትዬ ፍሬን ለወራት የጮኹባትን ሁሉ ጮክ ብላ ለራሷ ማለት ጀመረች።

«መስታወት አያለሁ። ፍሬቻ አሳይቻለሁ። ከግራ የሚመጣውን ላሳልፍ። አለፈ። ፍሪሲዮን፣ አንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ ልልቀቅ... ገባሁ። እትዬ፣ ገባሁ!»

«ሁለተኛ» አሉ እትዬ ፍሬን ዓይናቸውን ጨፍነው።

ሁለተኛ አስገባች። አደባባዩን ዞረች። መውጫውን አላለፈችውም። ዳገቱ ላይ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት በሕይወቷ ነክታው የማታውቀውን ሦስተኛ ማርሽ አስገባች። መኪናዋም አንዴ እንኳ አልዘለለችም። የጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ግማሽ መኪና በእግረኛ መንገዱ፣ ግማሽ መኪና በአበባው መደብ ላይ አቆመች። ጥበቃው እጁን እያወናጨፈ መጣ።

«እመቤት፣ እዚህ ማቆም ክልክል ነው።»

«ወንድሜ፣ ቁልፉ ያው» አለችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አንተ እንደወደድክ አቁመው፤ እኔ ሰው ይዣለሁ።»

ነርሷ እትዬ ፍሬንን አግዳሚ ላይ አስተኝታ እግራቸውን ከፍ አድርጋ በትራስ ደገፈች። ካርድ ክፍሉ ካርዳቸውን አውጥቶ ስማቸውን ጠራ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ልብስ ሰፊዋ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «የምትጠሯት ሴትዮ ሄዳ መሰለኝ፤ እባካችሁ እኛን አስቀድሙን፣ የኛ እትዬ ፍሬን ናቸው» አለች። ከአግዳሚው ላይ አንዲት ጣት ቀስ ብላ ወደ ላይ ተነሳች።

«እኔው ነኝ» አሉ እትዬ ፍሬን።

ሐኪሙ ያው የሚያውቃቸው ልጅ እግር ሐኪም ነው። ግፊታቸውን ለካ፣ ፊቱን ቋጠር አደረገ፣ እንደገና ለካ።

«እናቴ፣ ግፊትዎ በጣም ወርዷል። ምንድን ነው የሚወስዱት?»

ከቦርሳቸው ሁለቱንም ፓኬት አውጥተው ሰጡት። «ያዘዝከኝን ነዋ። የድሮዋና የጨመርክልኝ።»

«እኔ ምን ጨመርኩ?»

«እንጨምራለን አላልከኝም?»

«ካልወረደ ነው ያልኩት። ያኔ እኮ ወርዶ ነበር።» ሁለቱን ፓኬቶች ጎን ለጎን አደረገና ወደ እሳቸው አዞረ። «እዚህ ጋ በትልቁ የተጻፈው ፋብሪካው ያወጣለት ስም ነው። ከሥሩ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ግን የመድኃኒቱ የራሱ ስም ናት፤ እሷን ይዩልኝ። አሁን ደግሞ የነጩን።»

እትዬ ፍሬን መነጽራቸውን አስተካከሉ። ደቃቋ ጽሑፍና የነጩ ፓኬት ትልቅ ስም ፊደል በፊደል አንድ ነው።

«አንዱን መድኃኒት በስሙም በቅጽል ስሙም እየጠራሁ ሁለቴ ዋጥኩት በለኛ» አሉ።

«እንደዚያ ነው የሆነው» አለ ሐኪሙ፤ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ልብስ ሰፊዋ ቀድማው ፍርስ አለች። ድንጋጤውም አብሮ ወጣላት መሰለኝ፣ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ግሉኮስ ተሰጣቸው፣ እስከ ከሰዓት ድረስ ተኝተው ተጠበቁ። ባለቤታቸው እጃቸው በግሪስ እንደተለወሰ ደረሱ። ነገሩ ከተነገራቸው በኋላ ነጩን ፓኬት እንደ ተበላሸ የሞተር ካንዴላ ገልብጠው ገልብጠው አዩና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ያመመሽ ይሄ ነው። ኮፒ ነው።»

«ሁለት ሮዝ ቢውጡም እንደዚሁ ነበር የሚሆኑት» አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ አንተ ትምህርትህን ታውቃለህ፤ እኔ ዕቃ አውቃለሁ።»

እትዬ ፍሬን የሐኪሙን ቃል ቢሰሙም ልባቸው ግን ከባለቤታቸው ጋር ሄደ። ነጩን ከመሳቢያው ጥግ ወርውረው በሮዟ ብቻ ቀጠሉ። ማዞሩ ለቀቃቸው፣ ጫማቸውም ሰፋ። ግን ሮዟ ለዘላለም አትኖርም፤ አንድ ጠዋት ፓኬቷን ሲያራግፉ ምንም አልወጣም። ፋርማሲው ውስጥም ገና አልገባችም። ወደው ሳይሆን ተገደው ነጩን አነሱ።

በዚያን ሰሞን በእትዬ ፍሬን ላይ ያልታየ በሽታ የለም። አንድ ቀን ጆሯቸው ጮኸ። ሌላ ቀን ምላሳቸው ላይ የብረት ጣዕም መጣ። ከዚያ ክርናቸው በላቸው። ባለቤታቸው እያንዳንዱን ምልክት በትጋት ይቀበላሉ፤ «አላልኩሽም?» ይላሉ። በመጨረሻ «ተነሺ፣ እንሂድና ይቺን ልጅ እንጠይቃት» ብለው የሥራ ቱታቸውን ሳያወልቁ ፋርማሲው ገቡ።

ፋርማሲስቷ የደረሰውን ከሐኪሙ ሰምታ ኖሮ ስታያቸው ቀላች። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። እየሰሙኝ እንዳልነበር እያየሁ ዝም ብዬ ሸኘሁዎት» አለች።

«ተይው፣ ጥሩንባ ነበር» አሉ እትዬ ፍሬን። «አሁን ግን ባለቤቴ ጥያቄ አለው።»

«ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ?» አሉ ባለቤታቸው፣ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አሳርፈው።

ፋርማሲስቷ ትንሽ አሰበች። «ጋሼ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ያገኘው ፋብሪካ ለተወሰነ ዓመት ብቻውን ይሠራዋል። ጊዜው ሲያልቅ ሌሎችም እንዲሠሩት ይፈቀዳል። ያው መድኃኒት፣ በዚያው መጠን፤ ሰውነት ውስጥም እንደዚያው መሥራቱ ተፈትኖ ነው የሚያልፈው። የሚለየው ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ክኒኑን የሚያያይዘው ዱቄት ነው።»

«ርካሽ የሆነውስ?»

«አዲስ መድኃኒት ለማግኘት የሚወጣውን ወጪ አላወጡማ። ፎርጅድ የሚባለው ሌላ ነው። እሱ ፈቃድ የሌለው፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ነው፤ እሱን እኔም እፈራዋለሁ።»

ባለቤታቸው አገጫቸውን አሹ። ጋራዥ ውስጥ የሚያውቁት አንድ የዘይት ማጣሪያ አለ፤ ፈቃድ ባለው ሌላ ፋብሪካ ተሠርቶ በሌላ ካርቶን የሚመጣ። ለደንበኛ ባይናገሩም በገዛ መኪናቸው ላይ የገጠሙት እሱን ነው። ይህንን በልባቸው ይዘው፣ «እሺ፣ ለክተሽ አሳዪኝ» አሉ።

ፋርማሲስቷ የእትዬ ፍሬንን ግፊት ለካች። ልክ ሮዟን ሲወስዱ እንደነበረው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለካች፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ምላሳቸው ላይ የነበረው ብረት ጠፋ፣ ክርናቸውም መብላቱን ተወ።

እትዬ ፍሬን እንግዲህ አንድ ነገር ካመኑ ለራሳቸው ብቻ ማመን አይሆንላቸውም። መኪና ውስጥ የገባ ሁሉ ስለ ደቃቋ ጽሑፍ መስማት ግዴታው ሆነ። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ የለማጁን ቦርሳ አስከፍተው የራስ ምታት ክኒን ስም እስከማንበብ ደረሱ። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት የታይሮይድ ክኒን እንደምትወስድ ያወቁትም እንዲሁ ነው።

«የማን ሥራ ነው? ስሙን አሳዪኝ። ይሄውልሽ፣ ቅጽል ስሙን እየገዛሽ ነው። ነገውኑ ለውጪው።»

ልብስ ሰፊዋ አደባባዩን ካለፈች ወዲህ እትዬ ፍሬን ያሉትን አታንገራግርም። በማግስቱ ይዘዋት ፋርማሲው ሄዱ። ፋርማሲስቷ ፓኬቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄኛውን ባለበት እንተወው።»

«እንዴት?» አሉ እትዬ ፍሬን፤ በገዛ ቤታቸው የተከዱ ያህል። «አንድ ነው አላልሽንም?»

«ለእርስዎ ግፊት ብዬ ነው። ይሄ ግን በጥቂቱ መጠን ከፍ ዝቅ ሲል ሰውነት የሚያውቀው ዓይነት ነው። ርካሹንም መውሰድ ይቻላል፤ ግን አንዱን ይዞ መቆየት ነው እንጂ ዛሬ ይሄን ነገ ያን አይደለም። ከተለወጠም ሐኪሟ ያውቃል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደሟ ይመረመራል። እሷ ተስማምቷታል። ምን አስቸኮለን?»

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ፍሬንን በጎን አየቻቸው። እትዬ ፍሬን ትንሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔም እኮ ጠይቂ ነው ያልኳት» አሉ።

«ለውጪው ነው ያሉኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከመለወጥሽ በፊት ጠይቂ ማለቴ ነው። አንቺ ደግሞ ሙሉውን አትሰሚም።»

ሦስቱም ተሳሳቁ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ፍሬን ስብከታቸውን አልተዉም፤ ግን መጨረሻው ላይ «ሂድና ጠይቅ» የሚል ፍሬን አበጀሁለት ይላሉ።

ልብስ ሰፊዋ በወሩ መጨረሻ ፈተናውን አለፈች። ፈታኙ አደባባዩን ስትዞር ምን እያለች ለራሷ እንደምታወራ ጠይቋት፣ «አስተማሪዬን ጤና ጣቢያ እያደረስኩ ነው» አለችው አሉ። ለእትዬ ፍሬን መኪና ወንበሮች ሰማያዊ ልብስ ሰፋችላቸው፤ ስፌቱ ፀጉር እንኳ አያሳልፍም። ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው ጠርዙን ፈተሹና፣ «ከፋብሪካው ይሻላል» አሉ። ይህ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ እትዬ ፍሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ።

ባዶ የሆነውን የልብስ ሰፊዋን ሰዓት ማን ወሰደው ቢባል ፋርማሲስቷ ናት። አንድ ጠዋት ነጩን ልትሰጣቸው እየቆጠረች፣ «እትዬ፣ እኔን ያስተምሩኛል?» አለቻቸው አንገቷን ደፍታ። እትዬ ፍሬን ደስታቸው ወሰን አጣ። ይህቺ ቃል መርጣ የምትናገር፣ ክኒን በማንኪያ የምትቆጥር ልጅ ምን ዓይነት ጥንቁቅ ሹፌር ይወጣታል ብለው እያሰቡ ሰፊው የልምምድ ሜዳ ድረስ ወሰዷት። ወንበሩን አስተካከለች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ቀበቶዋን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጋ ፈተሸች። እትዬ ፍሬንም ዘና ብለው ሰማያዊው ወንበር ላይ ተደገፉ።

ከዚያ ፋርማሲስቷ ፍሪሲዮኑን ለቀቀችና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው። ሜዳው ወደ እነሱ ሮጠ። ከአጥሩ ላይ ርግቦች ብር ብለው ተነሱ።

«ልጄ፣ ቀስ» አሉ እትዬ ፍሬን።

«ደስ ይላል እኮ» አለች ፋርማሲስቷ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ደርሶ፣ ሁለተኛውን ማርሽ እያስገባች።